በሠላሳ ዓመቷ ዕቅዷን የከለሰች ሴት

መስከረም ላይ የጻፍነውን የዓመት ዕቅድ መጋቢት ላይ አውጥተን ስናነብ አብዛኞቻችን ደስ አይለንም። የማታ ትምህርት እጀምራለሁ ያለችው አልተመዘገበችም። በየወሩ እቆጥባለሁ ያለችው ሁለት ወር ቆጥባ ለእናቷ ሕክምና አውጥታዋለች። ትንሽ ሱቅ እከፍታለሁ ያለችው ኪራዩን ሰምታ ተመልሳለች። በዚህ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ከሁለት አንዱ ነው፦ «ለሚመጣው መስከረም ይደር» ወይም «ድሮም ለእኔ አልተጻፈም»።

በሒሳብ ሥራ ሁለቱም መልሶች አያስኬዱም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጥር ላይ የግማሽ ዓመቱ አፈጻጸም ይታያል። የታቀደውና የተሠራው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ልዩነቱ ይሰላል፣ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ከዚያም ለቀሩት ወራት ዕቅዱ ይከለሳል። ግማሽ ዓመቱ አልተሳካም ብሎ መዝገቡን የሚቀድ ድርጅት የለም። በራሳችን ሕይወት ግን ስንቀድ ውለን ስንቀድ እናድራለን።

ለዚህ ዕትም የአንዲት ሴት የአንድ ዓመት ታሪክ ላቅርብላችሁ። ሴቲቱ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። ነርሶች ሲመረቁ ስሟን ሰምተነዋል፤ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኛ ወታደሮች መካከል ስትዞር የሚያሳየውን ሥዕልም ብዙዎቻችን አይተነዋል። እኔ የምተርከው ግን ፋኖሱን ከመያዟ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት፣ ካሰበችው አንዱም ሳይሳካ፣ በሰው አገር መንገድ ላይ ሆና ራሷን በማስታወሻ ደብተሯ ስለወቀሰችበት ዓመት። ለይቼ ካላመለከትኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያልተፈቀደ ፍላጎት

ፍሎረንስ የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1820 በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ነው፤ ስሟም የከተማው ስም ነው። ወላጆቿ እንግሊዛውያንና ባለጸጎች ነበሩ። አባቷ ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን፣ እሷንና ታላቅ እኅቷን ፓርተኖፕን፣ ራሱ አስተማራቸው፦ ግሪክኛ፣ ላቲን፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ታሪክና ፍልስፍና። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ብርቅ ነው። ችግሩ የመጣው ከትምህርቱ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ከተማረች ልጅ የሚጠበቀው እንግዳ ማስተናገድ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ጥልፍ መጥለፍና ባል መጠበቅ ብቻ ነበር።

በ1837፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አመነች። ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጀባት። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሕመምተኛን ማስታመም እንደሆነ ተረዳች። በ1845 ከቤታቸው ብዙም በማይርቀው በሶልዝበሪ ሆስፒታል ለሦስት ወር ገብታ ለመማር ጠየቀች። እናቷና እኅቷ ቤቱን በቁጣ ሞሉት። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሆስፒታል ቆሻሻ ቦታ ነበር፤ አስታማሚነትም ሌላ እንጀራ ያጣች፣ መጠጥ ታበዛለች ተብላ የምትታማ ሴት ሥራ ነበር። የጨዋ ልጅ እዚያ ትግባ ማለት ቤተሰቡን ማዋረድ ነው ተባለ። ዕቅዱ ቀረ።

ፍሎረንስ በግልጽ የተከለከለችውን በንባብ ያዘችው። ቤቱ ሳይነቃ ትነሣና በሻማ ብርሃን ስለ ሆስፒታሎችና ስለ ሕዝብ ጤና የወጡ የመንግሥት ሪፖርቶችን ታነባለች፤ ቁጥሩን እየለየች በደብተር ትመዘግባለች። የቁርስ ሰዓት ሲደርስ ደብተሩን ዘግታ ወርዳ እንደ ማንኛዋም የቤት ልጅ ትቀመጣለች። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

በ1846 በሎንዶን የፕራሻ መልእክተኛ የነበረው ቡንሰን አንድ የዓመት መጽሐፍ ላከላት። መጽሐፉ በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በካይዘርስቬርት፣ ስላለ ተቋም የሚያወሳ ነው። በዚያ ሴቶች ዲያቆናዊት ተብለው ሕመምተኛ ማስታመምን በሥርዓት ይማራሉ። ቤቱ የሃይማኖት ቤት ስለሆነ የቤተሰብን ስም የሚያጎድፍ አልነበረም። ፍሎረንስ የምትመኘው ቦታ በእርግጥ በምድር ላይ እንዳለ ያወቀችው በዚህ መጽሐፍ ነው።

ማወቅና መድረስ ግን ይለያያሉ። በ1848 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጀርመን አገር የመሄድ ዕድል መጣና ካይዘርስቬርትን አያለሁ ብላ ተስፋ አደረገች። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ከተሞች አብዮት ፈነዳና ጉዞው ተሰረዘ። በ1849 ደግሞ ሪቻርድ መንክተን ሚልንስ የተባለውን፣ ለዓመታት ለትዳር ሲጠይቃት የነበረውን ሰው፣ አላገባህም አለችው። አልጠላችውም፤ እሱን ማግባት ከሳሎን ወደ ሳሎን መዛወር እንደሚሆንባት ስለታያት ነው። እናቷ በዚህ በጣም አዘነች። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የፍሎረንስን መዝገብ ብንከፍተው በገቢ በኩል የሚጻፍ የለም፤ ትዳሩም ቀርቷል፣ ሥራውም አልተገኘም፣ ቤቱም ቅያሜ ነው።

በዐባይ ላይ ሁለት መዝገብ

ቻርልስና ሴሊና ብሬስብሪጅ የሚባሉ ባልና ሚስት የቤተሰቡ ወዳጆች ነበሩ። ቀደም ብሎም ሮም ወስደዋት ያውቃሉ። መንፈሷ መድከሙን አይተው በ1849 መጨረሻ ወደ ግብፅ ይዘዋት ተነሡ። እስክንድርያ የገቡት በኖቬምበር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1842 መሆኑ ነው። ከካይሮ ዳሃቢያ የሚባል ባለሸራ የመኖሪያ ጀልባ ተከራይተው፣ ከእኛም ተራሮች የሚወርደውን የዐባይን ውሃ ሽቅብ እየቀዘፉ፣ በጃንዋሪ 1850 አቡ ሲምበል ደረሱ።

ፍሎረንስ በመንገዱ ሁሉ ታነብ ነበር፤ ስለ ጥንታዊት ግብፅ ነገሥታት፣ ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ጽሕፈታቸው። ቤተ መቅደሶቹን የምታየው አንብባ ነው፤ አይታም ተመልሳ ታነባለች። ለቤተሰቧ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ረጃጅምና ውብ ስለነበሩ እኅቷ በኋላ በ1854 ለወዳጅ ዘመድ አሳትማቸዋለች። ደብዳቤዎቹን ብቻ ያነበበ ሰው ይህች ልጅ ደስተኛ ናት ይላል።

ነገር ግን በዚያው ጉዞ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበራት። በእኛ ሙያ ሁለት መዝገብ መያዝ ጥሩ ስም የለውም፤ አንዱ ለሰው የሚታይ፣ ሌላው እውነተኛው ነው። የፍሎረንስ እውነተኛ መዝገብ ደብተሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሐሳብ ዓለም ስትዋኝ መዋሏን፣ ያላደረገችውን ሥራ በልቧ ስትሠራ ማምሸቷን፣ ከዚህ ልማድ መላቀቅ እንዳልቻለች በአጭር በአጭሩ ትጽፋለች። ማርች 1850 ላይ፣ ስምና ዝና ሳትፈልግ ለእርሱ ብቻ ብላ በጎ ትሠራ እንደሆነ እግዚአብሔር እንደጠየቃት አሰፈረች።

ይህን ያነሣሁት ጉዞ በራሱ መድኃኒት ነው የሚለውን አባባል ስለማልቀበለው ነው። ፍሎረንስ በዓለም ድንቅ ከሚባሉት ቦታዎች መካከል ቆማ ልቧ ጨለማ ነበር። ንባብም በራሱ አላዳናትም፤ እንዲያውም የሐሳብ ዓለሟ መኖ ሆኖላት ነበር። ሁለቱ ጥቅም መስጠት የጀመሩት ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኙ ነው፤ ያሰበችውን ሥራ በእጃቸው የሚሠሩ ሴቶችን በዓይኗ ስታይ። በእስክንድርያ የቅዱስ ቪንሰንት እኅቶች የሚባሉት ደናግል ትምህርት ቤትና የድሆች ሕክምና ሲያካሂዱ ተመልክታ ነበር። አቴንስ ስትደርስም አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ባልና ሚስት ከከፈቱት የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተመላለሰች። እነዚህ ሴቶች ፈቃድ ሲጠብቁ አልኖሩም፤ ጠዋት ተነሥተው ሥራቸው ላይ ይገኛሉ።

ሠላሳ

ሜይ 12 ቀን 1850 አቴንስ ሳለች ሠላሳ ዓመት ሞላት። ዕለቱ በእኛ ግንቦት 1842 ላይ ይውላል። ደብተሯ ላይ ክርስቶስ አገልግሎቱን የጀመረበት ዕድሜ ላይ መድረሷን ጻፈች፤ ከእንግዲህ የልጅነት ነገር፣ የፍቅርና የትዳር ሐሳብ እንዲበቃ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ብቻ እንድታስብ ተመኘች።

ሠላሳ ዓመት ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ እንኳ ከ«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ቀጥሎ የምንሰማው «አንቺስ መቼ ነው?» የሚል ነው። ያላገባችው ለምን አላገባሽም ትባላለች፤ ያገባችው ትምህርቷን ለምን አቆመች ትባላለች፤ የተማረችው መቼ ልትወልጂ ነው ትባላለች። ከሁለት መቶ ዓመት ግድም በፊት በሀብታም ቤት የተወለደችው ፍሎረንስም ከዚህ አላመለጠችም።

የልደት ቀኑ ቃል ኪዳን ግን ወዲያው ፍሬ አልሰጠም። በጁን ወር የጻፈችው ከበፊቱ የባሰ ነው፤ ተስፋ ቆርጣ እንቅልፍን ብቻ የምትመኝበት ቀን ነበር። ዓመቱን አጋምሳ የቆመችው እንዲህ ሆና ነው። የመጀመሪያው ለውጥ የሚታየው በጁላይ፣ ወደ ሰሜን ተጉዘው በርሊን ሲገቡ ነው። እዚያ ሆስፒታሎችንና የበጎ አድራጎት ቤቶችን መጎብኘት ጀመረች፤ የደብተሩም ድምፅ ተለወጠ። ሕይወት ስንት ነገር እንደሞላባት በድንገት እንደተሰማት ጻፈች። ከዚያ ብሬስብሪጆች መንገዳቸውን ወደ ራይን አደረጉላት።

በአትክልት ቦታ የተጀመረ ቤት

የካይዘርስቬርት አጀማመርም ስለ ተከለሰ ዕቅድ የሚናገር ነው። ቴዎዶር ፍሊድነር የሚባል ወጣት ፓስተር በ1822 ወደዚያች ከተማ ሲመደብ ምእመናኑ የሚተዳደሩበት የጨርቅ ፋብሪካ ወዲያው ከሠረ። ምእመኑ ደሀ ሆነ፤ ደብሩም ሊዘጋ ደረሰ። ፍሊድነር ሌላ የተሻለ ቦታ መፈለግ ይችል ነበር። እሱ ግን ገንዘብ ለመለመን በጀርመን፣ በሆላንድና በእንግሊዝ አገር ተጓዘ። ገንዘቡን አገኘ፤ ያልፈለገውንም ጨምሮ አገኘ። በሆላንድ በቤተ ክርስቲያን ሥር ድሆችንና ሕመምተኞችን የሚረዱ ዲያቆናውያትን አየ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኤልዛቤት ፍራይ የተባለችው ሴት ለእስረኞች የምትሠራውን ተማረ።

ተመልሶ ትልቅ ሕንፃ አላቀደም። በ1833 ከእስር ለወጣች አንዲት ሴት በግቢው የአትክልት ቦታ ያለችውን ትንሽ ጎጆ ሰጣት። ሥራው ከዚያች ጎጆ ተነሣ። በ1836 ሆስፒታልና የዲያቆናውያት ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የወላጅ አልባ ልጆች ቤትና የመምህራት ማሠልጠኛም አብረው አደጉ። በዚህ ሁሉ ባለቤቱ ፍሪደሪከ የሥራው ግማሽ ነበረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ይህን ዓይነቱን ነው።

ሁለት ሳምንት

ፍሎረንስ ካይዘርስቬርት የደረሰችው ጁላይ 31 ቀን 1850 ነው። በእኛ ሐምሌ ነው፤ ዛሬ የበጀት ዓመት የምንጀምርበት ወር። የቆየችው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ስትወጣ ግን ከእንግዲህ ምንም ነገር ሊያስጨንቃት እንደማይችል የሚሰማት ሰው ሆና ነበር።

በሁለት ሳምንት ነርስ አልሆነችም። ታዲያ ምን ተለወጠ? በ1837 የተሰማት ጥሪ አልተለወጠም። የተለወጠው የዕቅዱ መጠን ነው። ለዓመታት ቤተሰቧን የምትጠይቀው ጥያቄ በውስጡ ሙሉ ሕይወት የያዘ ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ «አይሆንም» ነው። በ1850 ያደረገችው ግን ለሁለት ሳምንት አንድ ቦታ ሄዶ ማየት ብቻ ነው። ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ ሊፈጸም የሚችል ነገር። ሥራውን ካየች በኋላም ለንባቧ መሠረት አገኘች፤ ስለ ቤቱ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅታ በ1851 ስሟን ሳትጽፍበት አሳተመች። በዚህ ጽሑፍ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች የሚሠሩት አጥተው ጊዜያቸውን ከማባከን ሌላ መንገድ እንዳለ አሳየች። በሐሳብ ዓለም ትዋኝ የነበረችው ሴት የመጀመሪያ የእጇ ሥራ ይህ ነው።

ቤት ስትመለስ ቁጣው ጠበቃት። እኅቷ ታመመች፤ የታመመችውም በአንቺ ምክንያት ነው ተባለች። ፍሎረንስ ስድስት ወር ሙሉ እኅቷን ስታጫውት፣ ስታስታምም፣ ፈቃዷን ስትፈጽም ኖረች። ይህን የታሪኩን ክፍል የሚዘሉት አሉ፤ እኔ ግን ለእኛ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ከመካከላችን ወንድም ያላስተማረች፣ እናት ያላስታመመች፣ ለቤተሰብ ብላ አንድ ዓመት ያላሳለፈች ማን አለች? ልዩነቱ ስድስት ወሩ ማለቂያ ነበረው። ሲያልቅ፣ በጁላይ 1851፣ ወደ ካይዘርስቬርት ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ለሦስት ወር ያህል። ጠዋት በአምስት ሰዓት እንደ አውሮፓውያን ሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እየተነሣች፣ የድሆችን ምግብ እየበላች ከዲያቆናውያቱ ጋር ሠራች። ሁለት ሳምንቱ ሦስት ወር ወለደ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚታወቅ ነው። በ1853 በሎንዶን ለታመሙ ሴቶች የተቋቋመ ትንሽ ቤት ኃላፊ ሆነች። ደመወዝ አልነበረውም፤ አባቷ በዓመት 500 ፓውንድ መደበላት። ሙቅ ውሃ በየፎቁ እንዲደርስ፣ ምግብ ወደ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ እንዲገባ አደረገች፤ ወጪና ቀለቡንም ራሷ ተቆጣጠረች። በ1854 ሮም ላይ ተዋውቃው የነበረው ሲድኒ ኸርበርት በጦር ጉዳይ ሚኒስትርነት ደብዳቤ ጻፈላት፤ 38 ሴቶች ይዛ ወደ ቱርክ፣ ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሄደች። በ1855 የመጣው የጤና ኮሚሽን የፍሳሹን መስመር ሲያጸዳ የወታደሮቹ ሞት በእጅጉ ቀነሰ። እሷም ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሩን ሰብስባ አብዛኞቹ የሞቱት በቁስል ሳይሆን ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ መሆኑን በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አሳየች። በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። በ1860 በሎንዶን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። ከጎሕ በፊት በሻማ ብርሃን ቁጥር የለየችባቸው ዓመታት ከንቱ አልነበሩም። ባለሙያዋን የሠሩት እነሱ ናቸው።

ከዚህ ለእኛ

አንዳንዶቻችሁ «ሀብታም ነበረች» ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ግብፅ ድረስ የወሰዷት ወዳጆች ነበሯት፤ 500 ፓውንድ የሚሰጥ አባት ነበራት። እኛ ቀለብ ቆጥረን የምናድር ነን። ነገር ግን ገንዘቡ ከ1845 እስከ 1850 አልጠቀማትም፤ ያላትን መጠቀም የጀመረችው ዕቅዷ ሲያንስና ቀን ሲቆረጥለት ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጉዞም ቢሆን ባሕር መሻገር አይደለም። ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር የምትሄዱ፣ ለክርስትናና ለሠርግ አገር ቤት የምትወርዱ ብዙ ናችሁ። በሄዳችሁበት ከተማ እናንተ የምታስቡትን ሥራ አሁን የምትሠራ ሴት ፈልጉ። ልብስ ስፌት የምታስብ ስፌት ቤት ገብታ ትቀመጥ፤ ዶሮ እርባታ የምታስብ የእርባታውን ሽታ ታሽት፣ የመኖውን ወጪ ትጠይቅ። ሁለት ሳምንት ባይገኝ ግማሽ ቀን ይበቃል። ንባቡም እንዲሁ ነው፤ ሥራችሁን የሚመለከተውን እያነበባችሁ ቁጥሩን በደብተር አስፍሩ። ሳይጻፍ የቀረ ንባብ ምኞት ብቻ ያሳድጋል።

የመስከረሙን ዕቅዳችሁን ስትከልሱ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። መጀመሪያ ያሰባችሁትን ግብ፤ ከልባችሁ ከሆነ አትንኩት። ቀጥሎ እስካሁን የተሠራውንና ያልተሠራበትን ምክንያት፤ ለእናት ሕክምና የወጣው ገንዘብ ምክንያት ነው፣ ጥፋት አይደለም፣ እንደዚያው ይጻፍ። ሦስተኛ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ልትፈጽሙት የምትችሉትን አንድ ትንሽ ነገር ከነቀኑ። ለቤተሰብ የምትሰጡት ጊዜ ካለ እሱንም ጻፉ፤ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማለቂያውንም።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ወረቀቱን ይዛችሁ ብትመጡ እርስ በርስ እንተያያለን። ለፍሎረንስ ብሬስብሪጆች እንደነበሯት ለእኛም ማኅበሩ አለን፤ አንዷ የምታውቀውን ቦታ ለሌላዋ ታሳያለች፣ አንዷ ያነበበችውን ለሌላዋ ታውሳለች። ቀሪው የዓመቱ ጊዜ የሥራ ይሁንላችሁ።